ሠላሳ አራት ማኅተም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

መለሱኝ። ሁለት ማዳበሪያ መጽሐፍ ተሸክሜ ከፉሪ ቡራዩ ድረስ ሄጄ፣ ሁለቱንም ተሸክሜ ተመለስኩ። ትከሻዬ ላይ የገመዱ ምልክት ቀርቷል። 

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አለበለዚያ የሆነ ነገር እሰብራለሁ።

አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች፣ አስኮ፣ ቡራዩ። አስኮ ላይ የታክሲው ረዳት አንዱን ማዳበሪያ ሊያነሳልኝ ሞክሮ አቃተው።

«እህቴ፣ ምንድን ነው? ሽንኩርት ነው?»

«መጽሐፍ ነው።»

«ታዲያ አንብበሽ አትጨርሺውም? እንዲህ እስኪከብድ ምን አስቀመጠው!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

የሄድኩባት «ማዶ» የምትባል ቤተ መጻሕፍት አንዲት ክፍል ናት። ድሮ ልብስ ስፌት ቤት ነበረች፤ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ረጅም መስታወት አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። የሳይንስ ልብ ወለድና የምናብ ታሪክ ብቻ ነው የምትይዘው፦ ጠፈር፣ ዘንዶ፣ ገና ያልመጣ ዘመን፣ ኖሮ የማያውቅ አገር። ደሞዝ የሚበላባት ሰው የለም። ቅዳሜና እሁድ በጎ ፈቃደኞች ይከፍቷታል። ኃላፊዋ ሰዓዳ ትባላለች፤ በሳምንቱ ሱሉልታ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ቅዳሜ ሲሆን ከተማውን አቋርጣ ትመጣለች። ለአንድ ወር በስልክ ስንጻጻፍ ቆይተናል። «ሁሉንም አምጪልን፣ መደርደሪያ አሠርተናል» ብላኝ ነበር።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገለጠች። ሁለተኛውን ገለጠች። ሦስተኛው ላይ ፊቷ ተለወጠ።

«ትዕግሥት፣ ይሄ የትምህርት ቤት ማኅተም ነው።»

«አዎ። መጽሐፎቹ ግን የኔ ናቸው።»

«መሸኛ ደብዳቤ ይዘሻል?»

አልያዝኩም። ከየት አመጣለሁ?

«አምና አንድ ሰውዬ ማኅተም ያለባቸው መጽሐፎች ሰጥቶን ሄደ» አለች። «ለካ የተሰረቁ ናቸው። ቤቱን ሊያሽጉብን ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወዲህ ማኅተም ያለበትን ያለ ደብዳቤ አንነካም። አንቺን አላምንም ማለቴ አይደለም።»

«ማለትሽ ነው» አልኳት።

ውኃ ቀዳችልኝ። አልጠጣሁም። አሁን ትንሽ አፍሬያለሁ።

ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሰበታ ያለው ትምህርት ቤት በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ስቀጠር መደርደሪያው ላይ የጠበቀኝ የመማሪያ መጽሐፍና አቧራ ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች በራሴ ገንዘብ መግዛት ጀመርኩ። ጨረቃ ላይ ጤፍ ስለዘሩ ሰዎች የሚተርክ አገኘሁ፤ በዛፍ ሥር ስለተደበቀች ከተማ የሚያወራ አገኘሁ። ልጆቹ ተሻሙባቸው፤ መመለሱን ግን ረሱት። «የቲቸር ነው፣ ቲቸር ምንም አትልም» ይባባላሉ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ለመማሪያ መጻሕፍቱ ተብሎ እኔ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አወጣሁና የራሴንም መታኋቸው። ክብ፣ ሐምራዊ። ከዚያ ወዲያ አንድም መጽሐፍ አልቀረብኝም። በዚህ አገር ሰው ባለቤቱን አይፈራም፣ ማኅተሙን ይፈራል። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በአራት ዓመት ስልሳ አንድ መጽሐፍ ሆኑ። ባለፈው ወር አንዲት ወላጅ ከልጇ ቦርሳ ዘንዶ የተሳለበት ሽፋን አግኝታ «ልጄን ጥንቆላ እያስተማራችሁ ነው» ብላ መጣች። ርዕሰ መምህሩ አቶ ደረጀ መደርደሪያውን እንዳነሳ አዘዘኝ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ «አንዱንም ሳያነቡ ነው የፈረዱት» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ተባረርኩ። ደብዳቤው «ለሥራ ኃላፊ ተገቢውን ክብር ባለመስጠት» ይላል። እውነት ነው፣ አልሰጠሁም።

ሠላሳ አራቱን በቦርሳ በቦርሳ ይዤ ወጣሁ። ሃያ ሰባቱ ያኔ ልጆች ጋ ነበሩ። አሁን ተሰብስበው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸዋል።


እሁድ፣ ኅዳር 7

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ማዳበሪያዎቹን በሩ ሥር አየቻቸው።

«እነዚህ ነገሮች ተመልሰው መጡ?»

«መጡ።»

«ለትምህርት ቤቱ መልሺላቸው ልጄ። ይቅርታ ብለሽ መልሺ። ከስምሽ ወረቀት ይበልጣል?»

«የገዛሁትን ከመለስኩማ ሌባ ነኝ ማለቴ ነው፤ ስሜ ያኔ ነው የሚጠፋው።»

ነጠላዋን እያጠፈች አየችኝ። «ትዕግሥት ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኮ ተስፋ አድርጌ ነበር» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ የሞኝ ሥራ ሠራሁ። ማኅተሙን ላጠፋው ሞከርኩ።

ሎሚ፦ ምንም።
በረኪና፦ ሐምራዊው ቢጫ ሆነ፤ ወረቀቱ እንደ እርጥብ እንጀራ ላላ።
ምላጭ፦ ተበሳ።

በዛፍ ሥር የተደበቀችው ከተማ ናት የተበሳችው። ማኅተሙ የነበረበት ቦታ ላይ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ተከፍታ በውስጧ የሚቀጥለው ገጽ ይታያል። ከሥራ ስባረር አላለቀስኩም። ለዚህች ገጽ አለቀስኩ።

ስጨርስ ገባኝ። ማኅተም የሚፍቅ ሌባ ነው። የራሴን ዕቃ ይዤ የሌባ ሥራ እየሠራሁ ነበር። የበረኪናውን ጠርሙስ ውጭ ደፋሁት።


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ኦቦ ቱሉ ነበሩ።

ኦቦ ቱሉ ጥበቃው ናቸው። በእሳቸው በር ሳይጻፍ የሚገባም የሚወጣም ዕቃ የለም፤ የመምህር ላፕቶፕ ቢሆን፣ የሠራተኛ ጃንጥላ ቢሆን መዝገባቸው ላይ ያሰፍሩታል። አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ባስገባሁ ቁጥር ጨዋታችን አንድ ነበር።

«ዛሬ ስንት?»

«አምስት።»

«እነዚህኞቹስ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ኮከብ ላይ።»

«ስንቅ ይዘዋል?»

ዛሬ ቀና ብለው አላዩኝም። «እንዳትገባ ተብሏል» አሉ መሬቱን እያዩ። «አካም» ብለን እንኳ ሰላም አልተባባልንም። ከዚህ ሁሉ ነገር ይሄ ነው ውስጤ የገባው።

አቶ ደረጀ በሩ ድረስ መጣ። እጁን ኪሱ ከቷል።

«ምን ቀረሽ እዚህ?»

«ሃያ ሰባት መጽሐፍ። የገዛኋቸው።»

«ማኅተሙስ?»

«እኔ ነኝ የመታሁት።»

ፈገግ አለ። አስቀድሞ አስቦበታል። «እንግዲህ ምረጪ። የትምህርት ቤቱ ናቸው ካልሽ ሠላሳ አራቱን ሰርቀሻል። ያንቺ ናቸው ካልሽ ያለ ፈቃድ በማኅተም ተጠቅመሻል። ሁለቱም የሚያደርሱሽ ፖሊስ ጣቢያ ነው። እስከ ሐሙስ የወሰድሽውን መልሺና ነገሩ በዚሁ ይለቅ።»

«እዚህ ያሉትስ?»

«ዓርብ ዕቃ ቤቱን እናጸዳለን። ኅዳር ሲታጠን አይደል?»

በኅዳር ሚካኤል የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል፤ በሽታው ከጭሱ ጋር እንዲሄድ። ልጅ ሆኜ እወደው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ቀን ሲጨስ ትልቅ ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር የሚጫወት ይመስለኝ ነበር።

ትቼው ሄድኩ። መንገድ ላይ ስንት ጥሩ ጥሩ መልስ መጣልኝ! ሲያስፈልግ የት ነበር?


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ኦቦ ቱሉ ናቸው። «ዓለም ገና ታክሲ ተራ ነይ» ብለው ዘጉት።

ፌስታል ይዘው ቆመዋል። ውስጡ አራት ደብተር፤ የበሩ መዝገቦች ናቸው፣ የሞሉት።

«ሲሞላ ጣለው ይሉኛል። እኔ አልጥልም። የሰው ዕቃ የተጻፈበት ወረቀት አይጣልም።»

አንዱን ገለጥኩ። ኦሮምኛና አማርኛ ተቀላቅሎ፣ በእስክሪብቶ ተጫን ተጫን ተደርጎ ተጽፏል። «ገቢ። ትዕግሥት። ኪታበ 6። ከን ኢሺ።» መጽሐፍ ስድስት፣ የራሷ። ሌላ ገጽ፣ ሌላ ቀን፣ መጽሐፍ ሦስት፣ የራሷ። አራት ዓመቴ በሙሉ እነዚያ ደብተሮች ላይ ነበር። ደመርኩት። ስልሳ አንድ።

ከታክሲ ተራው ግርግር መሃል ቆሜ እንደገና ደመርኩት። ያኔ መጠየቅ የማይገባኝን ጠየቅሁ።

«ትናንት ለምን አላዩኝም?»

«ባይሽ እናገራለሁ። ከተናገርኩ በዚያው ቀን ዱላዬን ተቀብለው ይሸኙኛል። ውሌ የሚታደሰው ታኅሣሥ ላይ ነው። ትንሿ ልጄ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አመጡልኝ?»

«እንድታውቂው። ከፈለግሽ ውሰጂው። እኔ አሮጌ ሰው ነኝ፣ አንቺ ወስኚ።»

ተናደድኩባቸው። የእሳቸውን እንጀራ በእጄ ላይ አስቀምጠው ወስኚ ይሉኛል! ይሄ ፍርድ ነው? ደብተሮቹን መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩ።

«እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አልኳቸው።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። «ጀባዹ።»

በርቺ ይላሉ። መበርታት ምን ማለት እንደሆነ ማን በነገረኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ያሉኝ መንገዶች፦

መመለስ። ይቅርታ የተደረገላት ሌባ እሆናለሁ።
መዝገቡን ማሳየት። መጽሐፎቹ የኔ መሆናቸው ይታወቃል፤ ኦቦ ቱሉ ከበሩ ይነሳሉ።
ዝም ማለት። ዓርብ ይነዳሉ።
ያደረግሁትን በጽሑፍ ማመን፣ ሃያ ሰባቱን መጠየቅ። ማኅተሙ ሊያሳስረኝ ይችላል።

እማዬ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ምሳ ግን አቀረበች።

አራተኛውን ጻፍኩት። የመጀመሪያው ረቂቅ ልመና በዛበት። ሁለተኛው ስድብ ነበር። ሦስተኛው ሁለቱም ነበረበት። ሁሉንም ቀደድኩ። የቀረው ይሄ ነው፦

«ስልሳ አንዱም መጻሕፍት የግል ንብረቶቼ ናቸው። የትምህርት ቤቱን ማኅተም ያደረግሁባቸው እኔ ነኝ፤ ማንም አልፈቀደልኝም። ያደረግሁት ተማሪዎች እንዲመልሷቸው ብዬ ነው። ለዚህ ጥፋቴ እጠየቃለሁ። ዕቃ ቤት ያሉት ሃያ ሰባት መጻሕፍቴ እንዲመለሱልኝ፣ እንዳይቃጠሉም እጠይቃለሁ።»

የኦቦ ቱሉ ስም የለበትም። የመዝገቡም ነገር የለበትም። ሁለት ቅጂ አተምኩ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

«ደብዳቤ ላስገባ ነው» ስል ኦቦ ቱሉ በሩን ከፈቱ። ደብዳቤ የያዘ ሰው አይከለከልም፤ እሱንማ አቶ ደረጀም አልከለከለም። በመዝገቡ ላይ ጻፉኝ። ዛሬ አዩኝ።

ጸሐፊዋ በስልክ እያወራች ሁለቱን ቅጂ ተቀበለችኝ። ቁጥር ሰጠች፣ ቀን ጻፈች፣ እኔ ጋ በሚቀረው ላይ «ገቢ ሆኗል» ብላ ማኅተም መታችበት። አንድ መስመር አላነበበችም። ያው ክብ፣ ያው ሐምራዊ።

መንገድ ላይ ነው የገባኝ። መጽሐፎቹ የግል ንብረቶቼ ናቸው የሚል ወረቀት፣ ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ማኅተም። ላላነበበው ሰው ቁርጥ መሸኛ ደብዳቤ ነው! የላይኛውን መስመርና ማኅተሙን ብቻ እንዲያሳይ አጥፌ ለሰዓዳ ባሳያትስ? ታክሲ ውስጥ ሆኜ አጠፍኩት። አምሮበታል። ጭኔ ላይ አስቀምጬው ዓለም ገና ደረስኩ።

ከዚያ ዘረጋሁት። ሰው በማኅተም እንዲታለል አንዴ አድርጌያለሁ፤ ዋጋውን እያየሁት ነው። የማጠፊያው መስመር ግን ወረቀቱ ላይ ቀርቷል።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

አቃጠሏቸው።

ከጠዋት ጀምሮ ፉሪ በሙሉ ሲጨስ ነበር፤ ታክሲው ሰበታ እስኪደርስ መንገዱ በሙሉ ሲጨስ ነበር። የትኛው ጭስ የኔ እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። የትምህርት ቤቱ የሽቦ አጥር ጋ ቆምኩ። ቅጠል፣ የተሰበረ ወንበር፣ ካርቶን፣ ከላይ የኔዎቹ።

መጽሐፍ ሰው እንደሚያስበው ቶሎ አይቃጠልም። ዳር ዳሩ ይጠቁራል፤ መሃሉ ነጭ ሆኖ ይቆያል። እሳት እንዲገባበት መገለጥ አለበት። አቶ ደረጀ ረጅም እንጨት ይዞ ይገልጣቸው ነበር፣ አንድ በአንድ። በአራት ዓመት ያን ያህል ገጽ ሲገልጥ አይቼው አላውቅም።

ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ያያሉ። አንዷ «ቲቸር!» ብላ ጠራችኝ። ጓደኛዋ አፏን በእጇ ያዘችላት።

ወደ በሩ ዞርኩ። ኦቦ ቱሉ ዱላቸውን ተደግፈው መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ ደብተሩን ወደኔ አዞሩት።

«ወጪ። ትዕግሥት። ኪታበ 27። ከን ኢሺ። በርዕሰ መምህሩ ትእዛዝ ተቃጠለ።»

«ኦቦ፣ በበር እኮ አልወጡም።»

«ጭሱ በየት የወጣ መሰለሽ? በላዬ ነው ያለፈው።»

«ያባርሩዎታል!»

«ትናንት አንቺን ስላስገባሁ ሊቆጣኝ ጠራኝ። ደብዳቤሽን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የኔን ስም ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ አለቀ።» እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «እኔ አሮጌ ሰው ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም። በዚህ በር የማየውን እንድጽፍ ነው የተቀጠርኩት። ስልክሽን አውጪና አንሺው። የድሮዎቹን ማታ ልጄ አንስታ ትልክልሻለች።»

የመጀመሪያው ፎቶ ተበላሸ። ሁለተኛው ጥሩ ነው። ይነበባል።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እንደገና ሁለት ማዳበሪያ። እንደገና አስኮ። ዛሬ የቀለደ የለም፤ ወይም አልሰማሁም።

ደብዳቤውን ለሰዓዳ ዘርግቼ ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ ደግማ። የመዝገቡን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየች። ከሌሎቹ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ጋር ውጭ ወጥተው ሲነጋገሩ እኔ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ቀረሁ። ሻርፔ አሁንም ጭስ ጭስ ይሸታል። ዓይኔ ሥር ጠቁሯል። ለልብስ ልኬት የመጣሁ መሰልኩ።

ስትመለስ ቆማ ነው ያናገረችኝ።

«ይሄ መሸኛ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ጭራሽ ጥፋትሽን ነው የጻፍሽበት። መጥተው ቤቱን ሊያሽጉብን ይችላሉ።»

«ይችላሉ።»

«አምና የመጣው ሰውዬ ምንም አልነገረንም። አንቺ ደግሞ ምንም አላስቀረሽም፣ እኛን እስክታስፈሪን ድረስ።» ወንበር ሳበችልኝ። «አንዱ ልጅ አይሆንም ብሏል። ሁለታችን ይሁን ብለናል። ተቀመጪ።»

እዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ። መጽሐፍ የሚሰጥ ሰው መጽሐፉ እንዴት እጁ እንደገባ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሱ እጅ ይጽፋል። አንዳንዱ «ከአክስቴ» ይላል፤ አንዳንዱ «አውቶቡስ ውስጥ አገኘሁት» ብሏል።

«ማኅተሙ ሥር ጻፊው» አለች ሰዓዳ። «በእያንዳንዱ።»

ጻፍኩ። «ይህን መጽሐፍ የገዛሁት እኔ ነኝ። ማኅተሙንም የመታሁት እኔ ነኝ። ትዕግሥት።» ሃያኛው ላይ ጣቴ ደነዘዘ። ሰዓዳ ውኃ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። የተበሳችው ላይ ስደርስ «ቀዳዳውንም» ብዬ ጨመርኩበት። አይሆንም ያለው ልጅ በትከሻዬ በኩል አነበበና ሳይፈልግ ሳቀ።

ሠላሳ አራቱም መደርደሪያ ላይ ናቸው። አንድ መደርደሪያ እንኳ አልሞሉም።

ከዚያ የተቃጠሉትን ርዕስ ጠየቀችኝ። «ሰው ድንገት ካመጣቸው ስንፈልጋቸው እንደነበር እናውቃለን» ብላ በእርሳስ ጻፈች። ሃያ አምስቱን ነገርኳት። ሁለቱ ጠፉብኝ። ሽፋናቸውን አስታውሳለሁ፤ ያነበቧቸውን ልጆች አስታውሳለሁ፤ ስማቸው አልመጣም።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ መጥሪያ አገኘሁ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥ። እማዬ ነጩን ሸሚዜን ተኩሳ ወንበሩ ላይ ሰቅላዋለች፤ ከጎኑ የራሷንም ቀሚስ።

«አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ብቻሽን ትናገሪና የባሰ ታበላሺዋለሽ።»

ኦቦ ቱሉ ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ዛሬ በሩ ላይ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ስማቸውን ካነሳሁ እሳቸውን እጎዳለሁ፤ ካላነሳሁ የጻፉትን ከንቱ አደርጋለሁ። ነገ ቤታቸው ሄጄ ራሳቸውን እጠይቃለሁ። አሁን መወሰን የሳቸው ተራ ነው።

ቃልሽን ስጪ ይላል መጥሪያው። ቃሌ ቡራዩ ነው፣ ሠላሳ አራት ቦታ ላይ። ሄደው ያንብቡት።

ይሄን ስጽፍ ከሁለቱ የአንዷ ርዕስ መጣልኝ፤ ሰዎቿ ጥላቸውን ተከራይተው የሚኖሩባት ናት። እንዳይጠፋብኝ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። አንድ ቀረ።